ማዘዣ ያልሆነው ወረቀት፦ ወደ ሕክምና ካናቢስ መደብር የሚያስገባው መንገድ ከየት መጣ?

እስቲ ይህን አስቡ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አክስታችሁ ለካንሰር ኬሞቴራፒ ጀምራለች። ማቅለሽለሹ በረታባት፣ እንቅልፍ አጣች፣ የቀረበላትን ምግብ ሁሉ «አይ፣ አንሡልኝ» እያለች ትመልሳለች። ሐኪሟ የተለመዱትን የማቅለሽለሽ መድኃኒቶች ከሞከረላት በኋላ «የሕክምና ካናቢስም አለ፣ ልትሞክሪው ትችያለሽ» አላት። ደነገጠች። «ሀሺሽ ውሰጂ አለኝ እኮ!» ብላ ለእናታችሁ ደወለች። እንግሊዝኛውም ኢንተርኔቱም ስለሚቀላችሁ ነገሩን አጣርታችሁ ይዛችኋት እንድትሄዱ የተመረጣችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ስታጣሩ ግራ የሚያጋባ ነገር ታገኛላችሁ። መታወቂያ ያዙ ይላል። ከሐኪም የተገኘ ወረቀት ያስፈልጋል ይላል፤ ግን ወረቀቱ ማዘዣ አይደለም። ጥሬ ገንዘብ ብትይዙ ይሻላል ይላል። በሩ ላይ ጥበቃ አለ፤ ከውስጥ ያለው ሻጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋርማሲስት አይደለም። አስፕሪን ስትገዙ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟችሁ አያውቅም። ታዲያ ይህ ሁሉ ከምን መጣ? መልሱ በአንድ ቀን በአንድ ሰው የታሰበ አይደለም። ከካልካታ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ በብዙ ጠብ፣ በብዙ ሕመምና በጥቂት ኬሚስትሪ የተሠራ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል፤ ምክንያቱም ስሙ ራሱ ችግር ፈጥሯል። እኛ በተለምዶ «ሀሺሽ» የምንለው ነገር በትክክለኛ አነጋገር ከተክሉ የሚወጣው ሙጫ ብቻ ነው። ዜናው ላይ «ዕፀ ፋርስ» ሲባል ትሰማላችሁ። ነገር ግን የአገራችን የዕፅዋት ጥናቶች «አጤፋሪስ» ብለው የሚመዘግቡት ሌላ ተክል ነው፤ አስተናግር የሚባለው፣ ሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም የሆነው መርዛም ተክል። ሁለቱ ፈጽሞ አይዛመዱም። አስተናግር በትንሽ መጠንም ሰው ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ስም አደባልቆ መጠቀም እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም። «መድኃኒት» የሚለው ቃላችንስ ቢሆን? የሚያድነውም መድኃኒት ነው፣ «መድኃኒት አደረጉበት» ሲባል የሚጎዳውም መድኃኒት ነው። የድሮ ሰዎች ያው አንድ ነገር እንደ መጠኑና እንደ አሰጣጡ ሁለቱንም ሊሆን እንደሚችል ሳይገባቸው የቀረ አይመስለኝም።

ተክሉም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው በጌምድር ጠቅላይ ግዛት፣ በጣና አካባቢ፣ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ (ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ ጋር እንዳታምታቱት) በተደረገ ቁፋሮ የሸክላ የማጨሻ ዕቃዎች ተገኝተው ነበር። የአርኪዮሎጂ ተመራማሪው ኒኮላስ ቫን ደር መርቨ በላያቸው ላይ የቀረውን ጥቀርሻ መርምሮ የካናቢስ ምልክት ማግኘቱን በ1975 አሳተመ። ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ግድም ተገምቷል። ትንባሆ ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ የመጣው ከዚያ በኋላ ነውና ዕቃዎቹ ሲሠሩ ለትንባሆ ታስበው ሊሆን አይችልም። የዚያን ጊዜው የኬሚካል ምርመራ እንደ ዛሬው የረቀቀ አልነበረም፤ ቢሆንም ስለ አፍሪካ የካናቢስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን ዋሻ ሳይጠቅስ አያልፍም።

አሁን ወደ ካልካታ እንሂድ።

በ1830ዎቹ ዊሊያም ብሩክ ኦሾኔሲ የሚባል ወጣት አየርላንዳዊ ሐኪም በካልካታ የሕክምና ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ሰውየው የሚገርም ዓይነት ሰው ነው፤ ኮሌራ የያዘው ሰው ደሙ ውኃና ጨው እንደሚያጣ ካሳዩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ነው፣ በኋላ ደግሞ የሕንድን ቴሌግራፍ የዘረጋ እሱ ነው። ሕንዳውያን ካናቢስን ለሕመምም ለደስታም ለዘመናት ሲጠቀሙበት አየ። ሌላው አውሮፓዊ አይቶ ያልፍ ነበር። እሱ ግን የአካባቢውን ሐኪሞችና ሊቃውንት ጠየቀ፣ የቆዩ ጽሑፎችን አስነበበ፣ ከዚያም ተክሉን በአልኮል ዘፍዝፎ በመጀመሪያ በእንስሳት ላይ ሞከረው። ውሻ፣ ፍየል፣ ዓሣ ሳይቀር! ሥጋ በሎቹና ዓሦቹ ሲሰክሩ ሣር በሎቹ እምብዛም እንዳልተነኩ ጻፈ።

በ1839 ያቀረበው ጽሑፍ በሰዎች ላይ ያየውንም ይተርካል። የቁርጥማት ሕመምተኞች ነበሩ። በመንጋጋ ቆልፍ የተያዙ ነበሩ። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ አንድ ሰውም ነበር፤ መድኃኒቱ አላዳነውም፣ ሞተ። ሆኖም ከመሞቱ በፊት ውኃ ለመዋጥ ቻለ፣ ሥቃዩም ቀለለለት። ኦሾኔሲ ይህን ሲጽፍ «አዳንሁ» አላለም። ከሁሉም በላይ ግን የ40 ቀን ዕድሜ ስላላት ሕፃን የጻፈውን ልብ በሉ። ሕፃኗ መንቀጥቀጥ ነበረባት፣ ሌላው ሕክምና ሁሉ አልሠራም፣ በመጨረሻ የካናቢሱን ጠብታ ሰጣት። የመጀመሪያው መጠን ትንሽ ነበር፤ እያየ ጨመረ፤ መንቀጥቀጡም ተገታ። ከ179 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2018፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፊዲዮሌክስ የተባለውን ከካናቢስ የተጣራ መድኃኒት ፈቀደ። ለማን ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከባድ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕፃናት ነው።

ኦሾኔሲ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ተክሉን ይዞ ሄደ። ፒተር ስኳየር የሚባል የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ከእሱ ጭማቂ አዘጋጀ፣ ነገሩ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1850 ካናቢስ በአሜሪካ የመድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ ገባ። በዚያ ዘመን ቺካጎ ወይም ኒው ዮርክ ውስጥ ማንኛውም ፋርማሲ ገብታችሁ በጠርሙስ መግዛት ትችሉ ነበር። ጥበቃ የለ፣ መታወቂያ የለ።

ግን አንድ ችግር ነበር፤ በጠርሙሱ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማንም አያውቅም። የሞርፊን ንጥረ ነገር ገና በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ ተለይቶ ስለወጣ በሚዛን ይሰጥ ነበር። የካናቢስ ኃይል የቱ ጋ እንዳለ ግን ኬሚስቶች አጥተውታል። አንዱ ጠርሙስ ውኃ ነው ማለት ይቻላል፣ ሌላው ሰው ያሳብዳል፣ ሁለቱም ላይ የተጻፈው ግን ያው ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም የነበረው ጆን ራስል ሬይኖልድስ ከ30 ዓመት በላይ ሲጠቀምበት ቆይቶ በ1890 ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ልምዱን ጻፈ። (ንግሥቲቱ ራሷ ወስዳለች የሚል ወሬ በየቦታው ታነባላችሁ፤ ማስረጃ የለውም።) ምክሩ በአጭሩ ይኸው ነው፦ በጣም በትንሹ ጀምሩ፤ በሚቀጥለው መጠን አትቸኩሉ፤ በየሦስትና አራት ቀኑ አንድ ጠብታ እየጨመራችሁ እያያችሁ ሂዱ፤ ካልጠቀመ ተዉት።

ዛሬ ማንኛውም ዲስፔንሰሪ ውስጥ ለአዲስ ሕመምተኛ የሚነገረው የመጀመሪያ ነገር «በትንሹ ጀምሩ፣ ቀስ በሉ» የሚል ነው። ብዙ ሰው የዘመናችን መፈክር ይመስለዋል፤ እንደምታዩት ግን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሐኪሞች ምክር ነው።

ካናቢስን ከፋርማሲ ያወጣው ሕግ ብቻ ነው የሚል ሰው ታሪኩን ግማሽ ነው የሚያወራው። መርፌ በ1850ዎቹ መጣ፤ ሞርፊን በውኃ ስለሚሟሟ በመርፌ ይሰጣል፣ ካናቢስ ግን በውኃ አይሟሟም። በ1899 አስፕሪን ገበያ ላይ ዋለ፤ ርካሽ ነው፣ መጠኑ ይታወቃል። ሐኪሞች እየተዉት የሄዱት ከዚህ የተነሣ ነው። ሕጉ የመጣው በተዳከመ ጊዜ ነው። በ1925 ጄኔቫ ላይ በተደረገው የኦፒየም ስምምነት ግብፅ ባቀረበችው ጥያቄ «የሕንድ ሄምፕ» በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ገባ። በ1937 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ የማሪዋና ግብር ሕግን አወጣ። የሐኪሞችን ማኅበር ወክሎ የቀረበው ዶክተር ዊሊያም ውድዋርድ ሕጉን ተቃወመ። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ስም ነበር፦ ሐኪሞች «ካናቢስ» የሚሉትን መድኃኒት ያውቃሉ፤ ኮንግረስ የሚያወራው «ማሪዋና» ያው ተክል መሆኑን ግን ብዙዎቹ ሳያውቁ ነው ሕጉ የተረቀቀው። አስተናግርና ዕፀ ፋርስ ትዝ አላችሁ? በ1942 ካናቢስ ከመድኃኒቶች መዝገብ ተሰረዘ። በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ «ተቀባይነት ያለው የሕክምና ጥቅም የለውም» ከሚባሉት ጋር አንደኛ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው።

የሚያስቀው ነገር ኬሚስቶቹ ሲፈልጉት የነበረውን ያገኙት በዚሁ መሀል ነው። በ1964 እስራኤል ውስጥ፣ በዋይዝማን ተቋም፣ ራፋኤል መሹላም እና የሂኤል ጋኦኒ ዋናውን አስካሪ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት፤ ዛሬ ቲ.ኤች.ሲ. የምንለውን ነው። ለምርምሩ የሚሆነው አምስት ኪሎ ሀሺሽ የተገኘው ከፖሊስ ነው። መሹላም በኋላ ደጋግሞ እንደተረከው ዕቃውን በሕዝብ አውቶቡስ ይዞት ሄደ፤ ተሳፋሪውም ምን እንደሚሸት ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መጠኑን በሚሊግራም መለካት ተቻለ። ሬይኖልድስ ቢኖር ምን ያህል ደስ ይለው ነበር! ኋላም ተመራማሪዎች በአንጎላችን ውስጥ ለዚህ ንጥረ ነገር የሚሆን ተቀባይ መኖሩን ደረሱበት፤ በ1992 ደግሞ አካላችን ራሱ የሚሠራው ተመሳሳይ ነገር ተገኝቶ «አናንዳማይድ» ተባለ፤ ከሳንስክሪት ቃል ነው፣ አናንዳ ማለት ደስታ ማለት ነው።

እንግዲህ ሳይንሱ እየሄደ ሕጉ ቆሟል። ክፍተቱን የሞሉት ሕመምተኞች ናቸው።

የመጀመሪያው ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሮበርት ራንዳል የሚባል ግላኮማ የያዘው ወጣት፣ ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን የተነገረው፣ ሲያጨስ በመብራት ዙሪያ የሚያየው ክብ ጥላ እንደሚጠፋለት አስተዋለ። በቤቱ ጥቂት ተክል አበቀለ፤ በ1975 ፖሊስ ያዘው። ፍርድ ቤት ቀርቦ «ያለዚህ እታወራለሁ» ብሎ ተከራከረ፣ በ1976 ዳኛው «የሕክምና አስገዳጅ ሁኔታ» የሚለውን መከላከያ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ያው መንግሥት በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ከሚያበቅለው ተክል የተጠቀለለ ሲጋራ በቆርቆሮ ይልክለት ጀመር። በአንድ እጁ የሚከለክል በሌላ እጁ የሚያድል መንግሥት ማለት ይህ ነው። ለሌሎችም ጥቂት ሰዎች ተፈቀደ፤ በኤድስ የታመሙ አመልካቾች ሲበዙ ግን በ1992 ለአዲስ ሰው በሩ ተዘጋ።

በዚያን ጊዜ ሳን ፍራንሲስኮ ለቅሶ ቤት ነበረች ማለት ይቻላል። ኤድስ ወጣቶችን እየጨረሰ ነው፤ ክብደታቸው እየቀለጠ፣ የሚወስዱት መድኃኒት እያስታወከ ምግብ የሚባል አይጠጋቸውም። ሜሪ ጄን ራትበን የምትባል ጡረተኛ አስተናጋጅ ነበረች። በሳን ፍራንሲስኮ ጠቅላላ ሆስፒታል ለኤድስ ሕሙማን በጎ ፈቃደኛ ሆና ታገለግላለች፤ ቤቷ ደግሞ ካናቢስ ያለበት ብራውኒ ኬክ ትጋግራለች። ሕመምተኞቹን «ልጆቼ» ነበር የምትላቸው፤ የራሷን አንድ ልጅ በመኪና አደጋ አጥታለች። ሦስት ጊዜ ታሰረች፤ በ1981፣ በ1982 እና በ1992። ወደ 70 ዓመት የሚጠጋት አሮጊት በኬክ ምክንያት ስትታሰር አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። ለዓላማዋ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ገንዘብ ከፍለው ቢፈልጉም ባልተገኘ።

ወዳጇ ዴኒስ ፔሮን ከቬትናም ጦርነት የተመለሰና ማሪዋና በመሸጥ የታወቀ ሰው ነበር፤ ቅዱስ አልነበረም፣ ቅዱስ አድርጌም አላቀርብላችሁም። በ1990 ፖሊስ ቤቱን ፈተሸ፤ ከእሱ ጋር የሚኖረው ጆናታን ዌስት በኤድስ እየሞተ ነበር። ዌስት ፍርድ ቤት ቀርቦ «የተገኘው የእኔ ነው፣ ለሕመሜ ነው» ብሎ መሰከረ፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ፔሮን በ1991 ለከተማዋ ሕዝብ ውሳኔ የሚሆን ሐሳብ ጻፈ፤ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ድምፅ ሰጪ ደገፈው። ከዚያም የካናቢስ ገዢዎች ክበብ የሚባለውን ከፈተ፤ ዲስፔንሰሪ የሚለው ስም የመጣው በኋላ ነው።

(ቃሉ ራሱ ግን የቆየ ነው። በ1770 ለንደን ውስጥ ለድሆች ነፃ ምርመራና መድኃኒት የሚሰጥ ቤት ሲከፈት ጄኔራል ዲስፔንሰሪ ተባለ፤ በ1786 ፊላዴልፊያ ተከተለች። የእኛ ፋርማሲስቶች «መድኃኒት እደላ» የሚሉት ነው፤ ዲስፔንሰሪ ማለት የእደላ ቤት ማለት ነው።)

ክበቡ በኋላ ማርኬት ጎዳና ላይ ወዳለ ሰፊ ባለ ፎቅ ሕንፃ ተዛወረ። አዲስ ሰው ለመግባት መታወቂያና የበሽታውን ዓይነት የሚያረጋግጥ የሐኪም ደብዳቤ ያቀርባል፣ የአባልነት ካርድ ያገኛል። ከዚያ ግዢው ብቻ አይደለም፤ ሶፋ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ከቤተሰቡ የተገፋ በሽተኛ እንደ እሱ ካለ ሰው ጋር ተቀምጦ ያወራል። የአክስታችሁ መታወቂያ በር ላይ የሚታየው ልማዱ ከዚህ ስለመጣ ነው፤ በሕግ ዓይን ሕገ ወጥ የሆነ ቤት «እኛ የምንሰጠው ለታመመ ብቻ ነው» ብሎ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነበር። መከላከያው ግን አልበቃም፤ በነሐሴ 1996 የካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ ሰዎች ክበቡን ፈትሸው ዘጉት። ከሦስት ወር በኋላ፣ ኅዳር 5 ቀን፣ የካሊፎርኒያ ሕዝብ አዋጅ 215 የተባለውን በ55.6 በመቶ አጸደቀ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሕክምና ካናቢስ ሕግ ነው።

አሁን ወደዚያ ወረቀት ደረስን። አዋጅ 215 «ማዘዣ» የሚል ቃል አልተጠቀመም፤ «የሐኪም ምክር» ነው ያለው፣ በቃል ቢሆንም እንኳ። ለምን? ሐኪም ማዘዣ የሚጽፈው በፌዴራል ፈቃድ ነው፤ አንደኛ ክፍል ያለን ነገር ካዘዘ ፈቃዱን ያጣል። ማዘዣ ካልተጻፈ ደግሞ ፋርማሲ አይሰጥም። ስለዚህ አዲስ ዓይነት ወረቀትና አዲስ ዓይነት ቤት መፈጠር ነበረበት። እኛ አገር «የድጋፍ ደብዳቤ» የሚባለውን ታውቁት የለ? ከቀበሌም ከመሥሪያ ቤትም የሚጻፈውን? ወረቀቱ ከማዘዣ ይልቅ ለእሱ ይቀርባል። «ይህ ሰው እንዲህ ያለ ሕመም አለበት፣ ካናቢስ ሊጠቅመው ይችላል ብዬ አምናለሁ» ይላል። የትኛውን፣ ምን ያህል፣ በቀን ስንት ጊዜ የሚል ብዙውን ጊዜ የለበትም።

የፌዴራል መንግሥት ይህንንም አልወደደውም። ሕጉ በጸደቀ በሁለት ወር ውስጥ የሚመክሩ ሐኪሞችን ፈቃድ እንነጥቃለን ብሎ አስጠነቀቀ። የኤድስ ሐኪም የነበረው ማርከስ ኮናንት ከሌሎች ሐኪሞችና ሕመምተኞች ጋር ሆኖ ከሰሰ። በ2002 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፦ ሐኪም ለታካሚው የመሰለውን የመናገር መብት አለው፣ ይህ የንግግር ነፃነት ነው ብሎ ወሰነ። ወረቀቱ የቆመው በመድኃኒት ሕግ አይደለም ማለት ነው፤ በንግግር ነፃነት ነው! በ2005 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም የፌዴራል መንግሥት ሕመምተኛን መክሰስ ይችላል አለ። ይህን ሁለተኛውን ፍርድ አትርሱት።

ዲሲ ውስጥ የሆነው ከሁሉ ይብሳል። በ1998 ነዋሪው ድምፅ ሰጠ፤ ኮንግረስ ግን ለቆጠራው ገንዘብ እንዳይወጣ ስላገደ ውጤቱ እንኳ ሳይነገር አንድ ዓመት ሊሞላ ቀረበ። በ1999 ፍርድ ቤት አስከፈተው፤ 69 በመቶ «ይፈቀድ» ብሏል። እንደገና ታገደ። እገዳው የተነሣው በ2009 መጨረሻ ነው፤ የመጀመሪያው ዲስፔንሰሪ ሥራ የጀመረው በ2013። ከምርጫው ቀን 15 ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። ሜሪላንድ የሕክምና መደብሮቿን የከፈተችው በ2017 መጨረሻ ነው፤ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ደግሞ 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ ፈቅዳለች።

ታዲያ አክስታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ይህ ታሪክ ምን ያደርግላችኋል?

በመጀመሪያ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ልጅ ባድቴንደር ይባላል፤ ፈገግታው ደስ ይላል፣ ስለ ዕቃው ያውቃል፣ ግን ሐኪም አይደለም። ኮነቲከትንና ሚኒሶታን የመሳሰሉ ግዛቶች ሥርዓቱን ሲጀምሩ ፋርማሲስት እንዲኖር ደንግገዋል፤ በብዙ ቦታ ግን ይህ የለም። ቤቱ የተወለደው ከክበብ ነው እንጂ ከፋርማሲ አይደለም። ስለዚህ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ለባድቴንደሩ ሳይሆን አስቀድማችሁ ለካንሰር ሐኪሟና ለፋርማሲስቷ አሳዩ። ለምሳሌ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ሲ.ቢ.ዲ. ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ በደም ውስጥ ሊበዛና መድማት ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ሚሊግራሙ ነው። ኦሾኔሲና ሬይኖልድስ ያጡት ነገር ዛሬ በላስቲኩ ላይ ተጽፎላችኋል፤ አንብቡት። አንዷ ከረሜላ 10 ሚሊግራም ቲ.ኤች.ሲ. ካለባት ለአዲስ ሰው ብዙ ነው፤ ሩብ ወይም ግማሽ አድርጎ መጀመር ይቻላል። የሚበላው ነገር እንደሚጨሰው ወዲያው አይሠራም፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ጉበት ውስጥም ወደ በረታ ነገር ይለወጣል። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፦ «ምንም አልተሰማኝም» ብለው ይደግሙታል፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ልብ መምታት፣ ፍርሃት፣ መንገዳገድ። ለታመመ ትልቅ ሰው መውደቅ ራሱ አደጋ ነው። በዚያ ቀን መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳው፣ ከረሜላውም ሕፃናት የማይደርሱበት ይቆለፍበት።

ጥሬ ገንዘቡ ቀላል ነው፤ ባንኮችና የክሬዲት ካርድ ኩባንያዎች የፌዴራሉን ሕግ ስለሚፈሩ ነው።

ምን ያህል ይጠቅማታል ለሚለው ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ከ10,000 በላይ ጥናቶችን አይተው ያወጡት ዘገባ አለ። ለረዥም ጊዜ ሕመም፣ ለኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ (በአፍ ለሚወሰዱት) እና ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የጡንቻ መጨምደድ ጥሩ ማስረጃ አለ ይላል። ካንሰርን ራሱን ይፈውሳል ለሚለው ግን የለም። በቲክቶክ ያን የሚላችሁ ሰው ካለ እለፉት። ያው ዘገባ አዘውትሮ መጠቀም ከስኪዞፍሬኒያና ከሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ስጋት ጋር እንደሚያያዝም ይናገራል፤ አንጎላችሁ ገና እያደገ ያለ እናንተ ይህን ለአክስታችሁ ሳይሆን ለራሳችሁ ያዙት።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ስለዚህም ከመሄዳችሁ በፊት እንጂ ከተመለሳችሁ በኋላ መታወቅ የለበትም። አክስታችሁ የአሜሪካ ዜጋ ናት ወይስ ግሪን ካርድ ነው ያላት? የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ሕግ ነው፤ በ2005 የተወሰነውን አስታውሱ። በሚያዝያ 2019 የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ ላይ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ ካናቢስን የሚመለከት የፌዴራል ሕግ መጣስ ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። ለዚህ የግድ ፍርድ ቤት መቅረብ አያስፈልግም፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ራስ ማመንም በቂ ሊሆን ይችላል። ለባለ ግሪን ካርድ የዲስፔንሰሪ ካርድ ማውጣት፣ በስልክ ውስጥ የደረሰኝ ፎቶ ማስቀመጥ፣ እዚያ ተቀጥሮ መሥራት እንኳ ቀላል ነገር አይደለም። አውሮፕላን ላይ ይዞ መውጣት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ ከዱልስ ተነሥቶ በዱባይ በኩልም ይሁን በቀጥታ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው በቦርሳ የተረሳች ከረሜላ የወንጀል ጉዳይ ናት። ስለዚህ ዜጋ ካልሆነች የመጀመሪያው ቀጠሮ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይሁን።

ሐኪሙ ላይነግራት የሚችል ሌላ መንገድም አለ። በ1985 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ድሮናቢኖል የሚባል እንክብል ፈቅዷል፤ በላቦራቶሪ የተሠራ ቲ.ኤች.ሲ. ነው፣ የተፈቀደውም ሌላ መድኃኒት ላልሠራለት የኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ ነው። መጠኑ በሚሊግራም የታወቀ፣ በእውነተኛ ማዘዣ የሚጻፍ፣ ከተራ ፋርማሲ የሚወሰድ፣ በፌዴራሉም ሕግ የተፈቀደ ነው። አንዳንድ ሕመምተኞች ከተክሉ ያነሰ ይስማማቸዋል፣ ያደነዝዘናል የሚሉም አሉ። ግን ግሪን ካርድ ላላት ሴት ሐኪሟን «ድሮናቢኖልስ?» ብላ መጠየቅ ምንም አያስከፍላትም፣ የምታገኘው ወረቀትም ማዘዣ ነው።